የእሁድ ስልክ

ሄራን ነርስ ናት። ሃዋይ ሥራ ስታገኝ የአምስት ዓመት ልጃቸውን ሊዲን ይዛ ቀድማ ሄደች፤ ባሏ አስቻለው የአፓርትመንታቸው ኮንትራት እስኪያልቅ ብሎ ኦሮራ ከተማ ቀረ፣ እዚያው አጠገብ ኮሜርስ ሲቲ ካለው የመጋዘን ሥራው ጋር። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እየደወለ የደሴቱን ወሬ ይሰማል፤ የት እንደዋኙ፣ ሊዲ ማንጎ በልታ ልብሷን እንዴት እንዳደረገችው። ሰንበት ሲል ግን ሄራን «መቼ ነው የምትመጣው?» ማለቷን ተወች። ሥራ በዝቶባት ነው ብሎ አለፈው።

እ.ኤ.አ. የ2006 የገና ሰሞን በረዶ የኦሮራን መንገድ ሁሉ በዘጋበት እሁድ፣ ስልኩን ያነሳችው ሊዲ ነበረች።

«ሃይ! ቢች ልንሄድ ነው!»

«ጎሽ የኔ ቆንጆ። ወደ ባሕሩ ከማን ጋር?»

«ከማሚና ከዳዲ ጋር።»

አስቻለው ሳቀ። «ዳዲማ እኔ ነኝ!»

ከልጅቷ ኋላ አንድ ወንድ «ሊዲዬ፣ ጫማሽን አድርጊ፣ አሸዋው ያቃጥልሻል» ሲል ተሰማ። አስቻለው ለቅናት እንኳ ጊዜ አላገኘም። ድምፁ የራሱ ነበር፤ ትንሿ መኮላተፉ ሳትቀር።

ሄራን ስልኩን ተቀበለች። «ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«ሄራንዬ፣ እኔ ነኝ እኮ! አስቻለው!»

«ይቅርታ፣ አላወቅኩዎትም» አለች በትሕትና። ከዚያ ፊቷን አዞረች መሰል፣ ድምጿ ራቅ አለ። «አስቹ፣ ና እስቲ። ሰውዬው አንተን ሳይሆን አይቀርም የሚፈልጉት።»

የእግር ኮቴ ቀረበ።

«አቤት» አለ ሰውየው። «አስቻለው ነኝ።»