የኮኩ ውሃ

ትርሲት አትክልተኛ የጠራችው፣ አልጋ የያዘችው እናቷ «ይሄ ልጅ ዛፍ ሳያውቅ ሊያድግ ነው?» እያለች ስለነዘነዘቻት ነበር። አትክልተኛው ጋሽ ይመኑ ግቢውን ዞረው አዩና ለኮክ የሚሆን ቦታ መረጡ።

«አፈሩስ ደህና ነው» አሉ። «ግን ዛፍ በሕጉ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል፤ ከቤተሰቡ የአንዱ የዕለት የውሃ ድርሻ ለሱ ይዞራል። የማን ይሁን?»

«የኔ» አለች ትርሲት።

ጋሽ ይመኑ ጡቷ ላይ የተለጠፈውን ሕፃን አዩ። «የምታጠቢ ሰው? አይሆንም ልጄ።»

«ሐሳብ አይግባዎ» አለች እናቷ በመስኮቱ። «ተነጋግረን ጨርሰናል። ይቆፍሩ።»

ምንም አልተነጋገሩም። ትርሲት ሮጣ ገባች። ከእናቷ ራስጌ የትናንቱ የውሃ ብርጭቆዋ እንደሞላ ቆሟል፤ ከጎኑ የዛሬውም።

«እየለመድኩት ነው» አለች እናቷ።

ውጭ መቆፈር ተጀመረ።