የይቅርታው ድንጋይ

በአባታቸው ተዝካር ላይ ታላቅ ወንድሟ በፀጉሯ ጎትቶ ከጣላት ወዲህ አንገቷ አይዞርም። ቀኝ እጇን ይነዝራታል፤ ብርጭቆ እንኳ መያዝ አቅቷታል።

ዛሬ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ደጇ ላይ አጎነበሰ። ይቅር እስክትለው ድረስ አያወርደውም። እሷ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ማሪው፤ ላብ በላብ ሆነ እኮ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ጠጋ አለችው።

«ጋሽዬ፣ አንገትህን አመመህ እንዴ?»

«በጣም።»

«ጣቶችህስ?»

«ደነዘዙ፣ እህቴ።»

ሽማግሌዎቹ «ተመስገን፣ ልቧ ራራ» ተባባሉ።

«እኔንም ሲጀምረኝ እንዲሁ ነበር» አለችና ወንበር አወጣችላቸው። «አረፍ በሉ አባቶቼ፤ ሻይ ልጣድ። በዚህ እጄ ስለሆነ ትንሽ ይቆይባችኋል።»