ዋስ ጥሪ

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ደብረ ማርቆስ በሚገኘው አዲስ ቤት ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ የቤቱ የነፍስ አባት ቄስ ፍቅረ ሥላሴ፣ ጎረቤታቸው አቶ እንዳላማው፣ ባልና ሚስቱ አስማማውና እስከዳር፣ እንዲሁም ከአምበር በጧት ተነሥቶ የመጣው አንተነህ። አንተነህ የእስከዳር ታናሽ ወንድም ነው። ሽማግሌ ሆኖ አይደለም የመጣው፤ እህቱ ስለጠራችው ነው፤ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

እስከዳር መቀመጥ አልቻለችም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ትሆናለች፣ ትነሣለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ መልሳ ትቀመጣለች። ስልኳ መዳፏ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ከፊንላንድ ነው። ለሥራ የጠራት የምርምር ማዕከል እስከ ነገ መልስ ይፈልጋል።

«ተይው እስቲ እሱን ነገር» ይላሉ ቄስ ፍቅረ ሥላሴ። «እኛም እኮ ሥራ ፈተን አይደለም የመጣነው።»

ስልኩን ገልብጣ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች።

«በል ተናገር አስማማው። ሽማግሌ የጠራኸው አንተ ነህ» ይላሉ ቄሱ።

አስማማው ጉሮሮውን ይጠርጋል። የሂሳብ መምህር ነው፤ ሲናገር ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው ቀስ ይላል።

«አባ፣ እኔ እሷን አልከስም። ለትምህርት ኖርዌይ ስትሄድ ተከተልኋት፤ ሆቴል ውስጥ ሳህን አጠብሁ። ጃፓን ስትቀጠር ተከተልኋት፤ ቤት ተቀምጬ እሷን ስጠብቅ ዋልሁ። ደቡብ አፍሪካም ሄድሁ። ከዚያ ‹በቃ፣ አገራችን እንግባ› ያለችው ራሷ ናት። ገባን፤ ይኸው ቤት ሠራን። አሁን በመንገድ ሳልፍ ‹ቲቸር› ብለው የሚጠሩኝ ልጆች አሉ። እዚያ የፕሮፌሰሯ ባል ነበርሁ፤ ሌላ ስም አልነበረኝም።»

አቶ እንዳላማው ይስቃሉ። «በእኛ ጊዜ ባሏን የምትከተል ሚስት ነበረች። አንተ ጓዝህን ተሸክመህ ከኋላ ከኋላ!»

«ይሳቁ ጋሼ» ይላል አስማማው፣ ራሱም ፈገግ ብሎ። «አዎ ተሸክሜያለሁ። አራተኛውን ግን አልችልም።»

«አንቺስ ልጄ?» ይላሉ ቄሱ።

እስከዳር ስልኳን ይዛ እንደገና ተነሥታለች። በየአገሩ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ስትናገር ድምፅዋ አይሰበርም። እዚህ ቃል ይጠፋታል።

«ለሁለት ዓመት ብቻ ነው አባ። እሱ እዚሁ ይቆይ፤ ለምን አልተከተለኝም ብዬ አልቀየምም። ማዕከሉን እንድመራ ነው የጠሩኝ። እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይመጣም። እዚህ ደግሞ… ጧት እነሣለሁ፣ አስተምራለሁ፣ ስብሰባ ይጠሩናል፣ ይመሻል። እግሬ አላርፍ አለኝ።»

«ለመሆኑ» ይላሉ አቶ እንዳላማው፣ «አገር ላገር የሚያዞርሽ ጥናት ስለ ምንድን ነው? ይኸን ያህል ጊዜ ተጎራብተን ጠይቄሽ አላውቅም።»

መስኮቱን መልሳ ትዘጋለች።

«ስለ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ነው። ካገራቸው ወጥተው ስለሚቀሩት።»

አቶ እንዳላማው ጭናቸውን ይመታሉ። «ወይ ጉድ! ምን ሆነው ነው የሚቀሩት?»

«ብዙ ምክንያት አለው ጋሼ።»

«ሲሄዱስ ምን ብለው ይሄዳሉ?»

«ሁለት ዓመት።»

ሳታስበው ነው ያመለጣት። አሁን አቶ እንዳላማውም አይስቁም። ውጭ ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ ያልፋል።

ቄስ ፍቅረ ሥላሴ መስቀላቸውን ከግራ እጃቸው ወደ ቀኝ ያዛውራሉ። «እንግዲህ ባገራችን ደንብ እንጨርስ። በሁለት ዓመት እመለሳለሁ ካልሽ ዋስ ጥሪ። ዋስሽ መስቀል ይዞ ይማልልሽ፤ አስማማውም ያን መሐላ ይዞ ይጠብቅሻል። ከቀረሽ እኛ የምንጠይቀው ዋስሽን ነው።»

«ዋስ ካለ እጠብቃለሁ» ይላል አስማማው። «ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

እስከዳር ቤቱን በዐይኗ ትዞረዋለች። ስለ እሷ የሚመሰክሩ ፕሮፌሰሮች በየአገሩ አሏት፤ ኢሜይል ብትልክላቸው ሳይመሽ ይመልሳሉ። እዚህ ግን ሽማግሌ ለራሱ ዳኝነት ዋስ አይሆንም፣ ባልም ለሚስቱ አይሆንም።

አንተነህ ስሙ እስኪጠራ አልጠበቀም። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ቆሟል። «እኔ አለሁ።»

«አስበህበታል?» ይላሉ ቄሱ። «እሷ ብትቀር እኮ፣ አምበር ገበያ ላይ አንገትህን ደፍተህ የምትሄደው አንተ ነህ። ነገ ደግሞ አንተ ስትጣላ ማን ዋስ ይሆንልሃል? ማን ቃልህን ይቀበልሃል?»

«ምን ማሰብ ያስፈልገዋል አባ? እህቴ ናት። እመጣለሁ ካለች ትመጣለች።» ወደ እሷ ዞሮ ይስቃል። «አይደለም እንዴ፣ እታለም?»

እሷ አትስቅም። አንተነህ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቀኝ እጁን ወደ መስቀሉ ይዘረጋል። ቄሱም መስቀሉን ያቀርቡለታል።

እስከዳር ክንዱን ያዘችው። ስልኳ ከእጇ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንሸራተተ፤ ዞራም አላየችው።

«ተው አንተነህ» ትላለች። «አንተ አትግባበት።»

«ለምን?»

እጁን ከመስቀሉ ታርቃለች።

«ለምን፣ እታለም? ትመጪ የለ?»

ክንዱን አልለቀቀችውም። አንተነህ ገና ፊቷን እያየ መልስ ይጠብቃል። ቄሱ መስቀሉን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው መለሱት። አስማማው ብቻ ወደ ማንም አያይም።

«ይበቃል አባ» ይላል። «ሰምቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን ለሚቀጥለው እሑድ ቀጥረው ተነሡ። አንተነህ ምሳም ሳይበላ በሚኒባስ ወደ አምበር ተመለሰ። እስከዳር ሐሙስ በረረች።