አሥራ አንደኛው ቅጂ

ረድኤት በጋሽ ዳግማዊ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሙዚቃ ሸክላ ስታይ አፏን መረራት። የገዛ ሥራዋ ነው፤ ግን ምን እንደሚል አታውቅም። በአሥር ቅጂ ብቻ የታተመ ሸክላ ተሸጦ ሲያልቅ፣ ብርቅነቱ እንዳይጓደል ተብሎ ዜማው ከሠሪዋና ከቤተሰቧ ጭንቅላት ይጠረጋል። ሕጉ ይኸው ነው።

«ጋሽ ዳግማዊ፣ እባክዎ አንዴ ብቻ ያሰሙኝ» አለች።

ገዢው ነጭ ጓንቱን እያጠለቀ ሳቀ። «መርፌ ከነካውማ ምኑን ብርቅ ሆነ? እኔም ሰምቼው አላውቅ።» ሸክላውን አውርዶ ማሸጊያውን በረጅሙ አሸተተና ዓይኑን በደስታ ጨፈነ። ረድኤት ፊቷን አዞረች።

አብራት የመጣችው የአራት ዓመት ልጇ ኤዶም፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር እየፈታች «ዝዝዝ... ቲን... ቲን ቲን» ማለት ጀመረች።

«ምንድን ነው እሱ፣ የኔ እናት?»

«ሸክላው ላይ ያለው የፍሪጃችን ዘፈን ነዋ! ከፍሪጃችን ድምፅ አንቺ አይደለሽ የሠራሽው?»

ዜማ ጠራጊዎቹ ቤት የመጡ ቀን ኤዶም አክስቷ ጋ አድራ ነበር፤ ማንም ትዝ አላለችውም።

የጋሽ ዳግማዊ ፊት አመድ መሰለ። «ይቺማ አሥራ አንደኛ ቅጂ ናት!» ብሎ ዘሎ በጓንቱ አፏን አፈናት። «አሁኑኑ ጠራጊዎቹን እጠራለሁ!»

ረድኤት እጁን እንደ ቆሻሻ ጨርቅ በሁለት ጣቷ ይዛ ከልጇ ፊት ላይ አነሳችው። ከዚያ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች። ታች ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ቀና አሉ።

ልጇን አቅፋ ወደ ውጭ ዞረች።

«በይ እናቴ፣ ጮክ ብለሽ ዝፈኚው። እኔም ልማረው።»