ባቡር አዟሪው

በከሰል የሚሄደው ባቡር መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ፣ ሞተሩን ክብ የብረት መድረክ ላይ አቁሞ ፊቱን ወደ መጣበት የሚያዞረው ሽማግሌው ነበር። የኤሌክትሪኩ ባቡር በሚገባበት ዕለት የጣቢያው ሹም፣ «አባት፣ ከነገ ጀምሮ ቤትዎ ይረፉ» አለው።

ሽማግሌው ሳቀበት። «መግባቱንስ ይግባ። ማን አዙሮ ሊያስወጣው ነው?»

ባቡሩ ሲገባ ሕዝቡ እልል አለ። ሽማግሌው ምራቁን እንትፍ አለ።

«ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው! እንደ ሌባ ተሹለክልኮ ለገባ ይሄ ሁሉ እልልታ?»

«ቀንተው ነው አባባ» አለችው ሻይ ሻጯ አሚናት።

«ቆይ ብቻ! ያ ሹም አሁን ሊለምነኝ ይመጣል። ሦስቴ እምቢ እለዋለሁ፤ በአራተኛው አዞርለታለሁ።»

ሞተሩ ከተሳፋሪ ፉርጎዎቹ ተፈትቶ ብቻውን ወደ መድረኩ ተጠጋ። ሽማግሌው አሚናትን ጠቀሳትና መድረኩን ገፍቶ የሚያዞርበትን ብረት ጨብጦ ፊቱን አኮሳተረ።

ነጂው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወረደ። «እንደምን ዋሉ አባት» አለና በሞተሩ ጎን ወደ ኋላ ሄደ። የሞተሩም ጀርባ ልክ እንደ ፊቱ መስኮትና መብራት ነበረው። ነጂው በዚያ በኩል ገብቶ መብራቱን አበራ። ሞተሩ ሳይዞር ወደ ፉርጎዎቹ ተመለሰ።

ሽማግሌው ገና ፊቱን እንዳኮሳተረ ነበር።