ያልጠራው ብልቃጥ

ጥሩዬ የአንድ እግሯን ጫማ እንዳሰረች ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ደግማ አየችው። ሽንቷ እንደ ጠላ ጠቁሯል። የማታው ቢሆን ባልደነቃት፤ ጾሙ ከገባ ወዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ በደብረ ብርሃን ፀሐይ ስለምትሮጥ፣ ማታ ጠቁሮ ጠዋት ሲጠራ ለምዳዋለች። ብልቃጡን የሰጠቻት የማሠልጠኛው ነርስም "ኩላሊት የቀኑን ድካም ሌሊት ነው የሚያርፈው፤ ጠዋትም ካልጠራ ግን ሩጫው ይቅርብሽ፣ የእሑዱም ውድድር ቢሆን" ብላት ነበር።

"አንቺ፣ ጸበል ነው እንዴ እንዲህ የምታስተውዪው?" አለች አብራት የምታድረው ሯጭ ጓደኛዋ እየወጣች። "ጋሽ አንዳርጌ የልምምዱን ፊሽካ ነፍቷል!"

ስልኳ ጠራ። አንኮበር ያሉት ቄስ አባቷ ናቸው፤ ኪዳን አድርሰው መውጣታቸው ነው። ጾሙ ሲገባ "ሯጭ እንደ ሕመምተኛ ነው፤ ፈቅጄልሻለሁ፣ ከጠዋት ጀምረሽ ውኃ ጠጪ" ብለዋት ነበር። ሌላ ቄስ ቢላት ኖሮ እሺ ትል ነበር። አባት ለልጁ ሲያዝን ነው እንጂ ሕጉስ አይፈቅድም ብላ ተወችው።

"ውኃ ትጠጫለሽ አይደል፣ ልጄ?"

"እጠጣለሁ፣ አባባ።"

"ጎሽ! የእሑዱን ውድድር ለምእመናኑ ሁሉ ነግሬያለሁ።"

ያዩባት ይመስል ብልቃጡን ከጀርባዋ ደበቀችው። ስልኩ ሲዘጋ የውኃውን ጆግ አንሥታ፣ በጠዋቱ፣ እስኪያልቅ ድረስ ጠጣች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያሰረችውን ጫማ መፍታት ጀመረች።