ከጥምጥሙ ስር

ሮሪሳ ምርኩዙን ጥሎ የወጌሻዋን ግቢ ሦስቴ ዞረና ላቡን ጠረገ። ከጣሪያ ወድቆ ቅልጥሙን ከሰበረ አራተኛ ወሩ ነበር። ሰኞ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ካልተመለሰ የሚሠራበትን የሽመና መኪና ለሌላ ሰው ይሰጡበታል፤ እዚያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል ነው።

«በል ቁጭ በል፣ ማሰሪያውን ልፍታው» አሉት እማማ አለሚቱ።

«ኧረ እማማ! የሚያስኬደኝ እኮ ከእግሬ ጋር የታሰረው ቀርከሃ ነው። እሱ ከወጣ አጥንቴ እንደ ሸንኮራ ቀጭ ነው የሚለው። ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ አይንኩብኝ!»

«ለቅልጥምም ንጉሥ ይጠራል?» ብለው እየሳቁ ጥምጥሙን ይፈቱ ጀመር። ሮሪሳ እንደ ልማዱ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ከተሰበረ ጀምሮ፣ በቅቤ ሲያሹትም ሆነ ሲያስሩት፣ እግሩን አንድ ቀን እንኳ ደፍሮ አይቶት አያውቅም።

«ግለጥና እይ።»

ገለጠ። መሬት ላይ የወደቀው ጨርቅና የደረቀ ኮባ ብቻ ነበር።

«ቀርከሃውስ?»

«ካወጣሁት ወር አለፈው። አጥንቱ ገጥሟል፣ ፈሪው አንተ ነህ። ኮባውን ያሰርኩት ቀርከሃው ያለ እንዲመስልህ ብዬ ነው።»

ሮሪሳ የነጣ ቅልጥሙን እንደ እንግዳ ሰው ገላ ቀስ ብሎ ዳሰሰው። ከዚያ፣ ሳይነግረው ሲሸከመው የከረመውን እግር እያየ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ተነሣ።